ለፈቃደ፣ ስለ ኖራውና ስለ ትርንጎ

ይድረስ ለባለቤቴ ለፈቃደ፤

አንተ ካለህበት ሕመም የለም ይባላል፤ ጤንነትህን መጠየቅ አያስፈልገኝ ይሆናል። ግን እንደምን ከረምክ ሳልል ወሬ መጀመር አልችልም፤ እናቴ እንዲያ አድርጋ አላሳደገችኝም። እንደምን ከረምክ ፈቄ? ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ሙት ዓመትህን በሚያዝያ አወጣን፣ ከሌንም አወለቅሁ። ልጃችን ሰናይት ደህና ናት፤ በየሳምንቱ መጥታ ትቆጣኛለች። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የምጽፍልህ ግን ናፍቀኸኝ ብቻ አይደለም። ቀንቼ ነው። የሞተ ባሏን በቅናት የምትሞግት ሴት አለች ወይ ብለህ እንደ ልማድህ ትከሻህን እያነቃነቅህ ትስቅ ይሆናል። አለች፤ ይኸው ወረቀት ይዛ በረንዳህ ላይ ተቀምጣለች። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህና ከፈለግህ ያኔ ሳቅ።

ፒያሳን ብታያት አታውቃትም። ቆመህ ማኪያቶ የምትጠጣበት ባንኮኒ ከነቤቱ የለም። በሱ ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቶ መብራት ተተክሏል፤ ማምሩን ያምራል፣ እኔ የማውቀው ሰው ግን አይሄድበትም። የድሮ ጎረቤቶቻችን እያንዳንዳቸው በየዳር አገሩ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ ለቅሶ ሲኖር ብቻ እንገናኛለን። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው የእኛ ረድፍ አሮጌ ነው፣ ይቆይ ተብሎ ቀርቷል። በአሮጌነቱ የተረፈ ነገር ብዙ አላጋጠመኝም፤ ቤቱ ሲተርፍ እኔና ትርንጎም አብረን ተረፍን።

ከቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል አስቀጥያለሁ። መቼም የአያትህን ቤት ነካሽብኝ አትበለኝ። ፎቅ ወደ መኝታችን የሚወስደው የእንጨት ደረጃ ባለፈው ጥቅምት አንሸራተተኝና ሰናይት አይሆንም አለች፤ እማዬ ከእንግዲህ ምድር ላይ ነው የምትተኚው ብላ ግንበኛ ይዛ መጣች። እኔ ጉልበቴ ምንም አልሆነም፣ ደረጃው ነው የላላው ብዬ ተከራከርኩ። ማንም አልሰማኝም። ግንበኛው ወርቁ ይባላል፤ ሥራውን የሚወድ፣ ወሬ ግን ከሥራውም አብልጦ የሚወድ ሰው ነው። ሦስቱን ግድግዳ በድንጋይ አቆመ። አራተኛው ግን አዲስ አይደለም፤ የቤታችን የጓሮ ግድግዳ ራሱ ነው፣ ያ በድንጋይና በጭቃ ተገንብቶ በኖራ የተለሰነው። ውጭ የነበረው ግድግዳ ዛሬ የመኝታዬ ውስጥ ሆኗል።

ግድግዳው አልቆ ጣሪያው እንደ ለበሰ ወርቁ መጣና፣ እትዬ አስካለ ልስኑ በምን ይሁን አለኝ። በኖራ ወይስ በሲሚንቶ? ለሱ ሁለቱም አንድ ነበር፤ ያልሽኝን እለስናለሁ ነው ያለኝ። ሰናይት ሲሚንቶ አለች። ቶሎ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ አንዴ ከተለሰነ ዘወር ብሎ የሚያየው አያሻውም። ኖራ ቀርፋፋ ነው፣ አስቀድሞ በውኃ መብረድና መክረም አለበት፣ በየዓመቱም ቡሩሽ ይጠይቃል፤ ማነው በየዓመቱ መሰላል የሚወጣልሽ አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኔ ልብ ግን ወደ ኖራው ነበር። አንተ በየነሐሴው መጨረሻ፣ አዲስ ዓመት ሳይገባ፣ ኖራውን በባልዲ በጥብጠህ፣ ልብስ ላይ እንዳይለቅ ጨው ጨምረህበት፣ ቤቱን ዙሪያውን ስትቀባ ስንት ዘመን አይቻለሁ። አሮጌ ግድግዳ ውኃ ይጠጣል፣ ኖራ ደግሞ የጠጣውን መልሶ ያወጣለታል ስትል እሰማ ነበር። በኖራ ይሁን ልለው አፌን ስከፍት ነው ትርንጎ የገባችው።

ስለ ትርንጎ ለአንተ መንገር ለቄስ ቡራኬ ማስተማር ነው። ቢሆንም እኔ እንዴት እንደማያት አታውቅምና ልንገርህ። አንተ የምታውቃት በአጥር ተሻግራ የምትመጣ የልጅነት ጓደኛህን ነው፤ አብራችሁ ኳስ የጠለዛችሁ፣ አብራችሁ ከእናትህ አለንጋ ያመለጣችሁ። እኔ የማውቃት ደግሞ ከደብረ ብርሃን በሙሽርነት መጥቼ በሩን ሳልፍ ከእናትህ አጠገብ ቆማ ከእግር እስከ ራስ የለካችኝን ሴት ነው። ልብስ ሰፊ ናትና መለካት ልማዷ ነው አልከኝ። ባሏ በወጣትነቷ ከሞተባት ወዲህ አላገባችም። ሱሪ ስትገዛ እግሩን የምታሳጥርልህ እሷ ነበረች። ሕፃን ሳለህ ምን ትፈራ እንደነበር፣ የትኛው ጥርስህ መጀመሪያ እንደ ወለቀ፣ አባትህ ምን ብለው ይጠሩህ እንደነበር የምታውቀው እሷ ናት። እኔ ፈቄ ስልህ እሷ ፊቆ ትልሃለች። አንድ ቀን እኔም ፊቆ ልልህ ሞክሬ አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝና ተውኩት።

በቀብርህ ማግስት ድንኳን ውስጥ የሆነውንም አላየህም። ዓይናቸው የደከመው አጎትህ ከገጠር መጥተው፣ እኔን አልፈው፣ ትርንጎን አቅፈው፣ የልጄ ሚስት እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት። የሳቱት ዓይናቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም። እሷ ግን ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ያቻት አስካለ ማለት ሲገባት አንገታቸው ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የኔ እንባ ግን የዚያን ቀን በንዴት ደረቀ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወደ እሷ አዘነ። ደግሞ ሙት ዓመትህ ወጥቶ እኔ ነጠላዬን ስቀይር እሷ እስከ ሰኔ ከሏን አላወለቀችም። ሰፈርተኛው ማንን እያየ ማንን እንደሚያማ አንተው ገምት።

እና ያን ቀን፣ ወርቁ መልሴን ሲጠብቅ፣ ትርንጎ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። እንደምን ዋላችሁ አላለችም። አሮጌውን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰችና፣ ፊቆ ኖራ ነው የሚፈልገው አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ ሌላም ልትል ስትል አቋረጥኳት። ወርቁ፣ በሲሚንቶ ለስን አልኩ። በዚያች ቅጽበት በጭቃ ለስን ብትል ኖሮ በወርቅ ለስን እል ነበር። ትርንጎ መዳፏን ከግድግዳው ላይ አንሥታ በመጣችበት ወጣች። ሰናይት ምክሯን የሰማሁ መስሏት አቅፋ ሳመችኝ፤ አላስተባበልኩም።

ወርቁ አራቱንም ግድግዳ በግንቦት ለስኖ ጨረሰ። ልሙጥ፣ ግራጫ፣ ጠንካራ ሆነ። በጣቴ መታ መታ አድርጌ ደስ አለኝ፤ ከልብ አልነበረም ግን ደስ አለኝ። ቤቴ ነው፣ ግድግዳዬ ነው፣ የወሰንኩት እኔ ነኝ አልኩ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው ነገሩ። ክረምቱ ገባ። ሦስቱ አዲስ ግድግዳ ምንም አልሆኑም። አሮጌው ግን ከሥሩ ውኃ መሳቡን መች ይተዋል፤ የቤታችን ጀርባ ወደ ተዳፋቱ እንደሆነ ታውቃለህ። የጠጣውን እንዳያወጣ ሲሚንቶው አፍኖ ያዘው። በሰኔ መጨረሻ ላብ ላብ ይለው ጀመር፣ በሐምሌ እዚህም እዚያም አበጠ። ወርቁ ይደርቃል አለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምስር ስለቅም አንድ ነገር ጓ ብሎ ወደቀ። ሮጬ ብገባ፣ ሮጬ ስልህ እንግዲህ እንደ ጉልበቴ ነው፣ የልስኑ እኩሌታ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ አልጋዬን ላኖርበት ያሰብኩት ቦታ ላይ ተከምሯል። ከራሱ ጋርም የድሮውን ኖራ ገሽልጦ አምጥቷል።

ጎንበስ ብዬ አንዱን ስባሪ አነሳሁ። ጠርዙ ላይ የየዓመቱ ቅብ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ ይታያል፤ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ከዚያ መሐል አንዲት ቀጭን ሰማያዊ። ወዲያው አወቅኋት። የሠርጋችን ዓመት ናት። ዳሱ የተጣለው ጓሮ ነበር፤ እኔና አንተ የተቀመጥነው ይህንኑ ግድግዳ ተደግፈን ነው። ሙሽሮች ከጀርባቸው ሰማይ ይሁንላቸው ብለህ ኖራው ውስጥ ሰማያዊ ቀለም በጥብጠህ እንደ ቀባኸው ነው የማውቀው። ለሰናይት ከልጅነቷ ጀምሮ ያወራሁላት ይህንን ነው፤ አባትሽ ብዙ ቃል አያውቅም፣ ግን ለኔ ሲል ግድግዳ ሰማያዊ አድርጓል እላት ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ከነጩ ሥር እንዳለች አውቃለሁ። የማትታይ ቢሆንም የኔ ነበረች።

ስባሪውን ይዤ እያለቀስኩ ሳለ ትርንጎ የወደቀውን ሰምታ መጣች። ቤቱ ፈረሰ ብላ ደንግጣ ነበርና መለስ ብላ ተነፈሰች። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን አየችው። ፊቷ በራ፤ ውይ፣ ይቺን እኮ እኔ ነኝ የበጠበጥኳት አለች። ፊቆ ሰማያዊ ይሁን ሲል ውኃው በዝቶበት ጭቃ ሊያስመስለው ነበር፣ እኔ ነኝ መጥኜ ያስተካከልኩለት አለች።

ፈቄ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ልነግርህ ቃል የለኝም። ሠርጌ ላይ ከጀርባዬ የነበረው ሰማይ የትርንጎ እጅ ነበረበት። ለካ እሷን ተደግፌ ነው የተሞሸርኩት። ያልተናገርኩትን ሁሉ ተናገርኳት። የአጎትህን ነገር፣ የከሉን ነገር፣ የፊቆውን ነገር። በመጨረሻም ከሁሉ በታች የቀበርኩትን አወጣሁት። ባሌ በሞቱ ዋዜማ፣ ጾሙን ሙሉ፣ ግቢሽ ምን ያደርግ ነበር አልኳት። ትንፋሽ አጥሮት ሁለት እርምጃ መሄድ ሲከብደው፣ ልንሸራሸር ብሎ በአጥሩ ቀዳዳ ሲገባ በመስኮት አየዋለሁ። ሲመለስ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነጭ ነው። ስጠይቀው ግድግዳ ተደግፌ ነው ይለኛል። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም እንጂ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነበር።

ትርንጎ አልተቆጣችም። መቆጣቷን እመርጥ ነበር። እጄን ያዘችና ነይ አለችኝ፤ እንደ ሕፃን እየጎተተች በአጥሩ አሳልፋ ወደ ጓሮዋ ወሰደችኝ።

ከጌሾው ሥር በድንጋይ የተጫነ ቆርቆሮ አለ። ድንጋዩን አንሥታ ቆርቆሮውን ገለጠችው። ከሥሩ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ላይ ንጹሕ ውኃ፣ ከውኃው ሥር ደግሞ እንደ እርጎ የረጋ ነጭ። እጇን አስገብታ ዝቃ አሳየችኝ። ኖራ ነው። የበረደ፣ የከረመ፣ እንደ ቅቤ የሚልመዘመዝ ኖራ። ፊቆ ያበረደው ነው አለች። ግቢያችሁ ሁሉ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ መቆፈሪያ አጣና እኔ ጋ አደረገው። ጥሬው ኖራ ውኃ ሲያገኝ እንዴት እንደሚፈላ ታውቂያለሽ፣ እንዳያቃጥለው እኔ አፈሳለሁ፣ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በረጅም እንጨት ያማስላል። ውኃው እንዳይጎድልበት አደራ አለኝ፣ ከደረቀ ይበላሻል። ከሞተም በኋላ ውኃ ስጨምርበት ነው የከረምኩት አለች። ከፎቅ መስኮት ሆኜ ሁልጊዜ ጀሪካን ይዛ ከጌሾው ሥር ስትጎነበስ አይቻታለሁ፤ ጌሾ ለምኗ ነው፣ ጠላ አትጠምቅ እያልኩ ነበር የማማት።

ለምን ለኔ እንዳልነገርከኝም ነገረችኝ። አስካለ ደረጃው ከብዷታል አልካት። ማታ ማታ ስትወጣ ስትቃትት እሰማታለሁ፣ እሷ ግን ደህና ነኝ ትላለች። ምድር ላይ ክፍል ልሥራልሽ ብላት አርጅተሻል ያልኳት ይመስላትና ትጣላኛለች። ኖራው ይክረም፣ እስከዚያ እኔም ይሻለኝና እጀምረዋለሁ፤ ካልተሻለኝም ክፍል አሠርታ ልስን ሲደርስ አንቺ ትነግሪያታለሽ። እንዲህ አልካት። እሷም በዚያን ቀን ልትነግረኝ ነበር የመጣችው፤ ፊቆ ኖራ ነው የሚፈልገው ብላ ሳትጨርስ ሲሚንቶ ብዬ ቆረጥኳት። ከዚያ በኋላ ብነግርሽ በሙት ያስገደድኩሽ ይመስልብኛል ብዬ ዝም አልኩ አለችኝ። ዝም ብላም ውኃውን መጨመሯን አልተወችም።

አሁን እንግዲህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም አለኝ። ልትሞት ስትል የኔን ጉልበት ታስብ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ምን እፈልጋለሁ? ግን እውነት እውነቱን ከተነጋገርን፣ ደስታዬ አንድ ጊዜ እንኳ በደንብ ሳይተነፍስ ቅናቴ ደረሰበት። ስለኔ ጉልበት ከእሷ ጋር አወራህ። የኔን ጉልበት እኮ ነው ፈቄ! ጎረቤት ለጎረቤት ስለ ዝናብ ያወራል እንጂ ስለ ሚስቱ ጉልበት ያወራል? ብነግራት ትጣላኛለች አልክ። ልክ ነህ፣ እጣላህ ነበር። ሦስት ቀን አኩርፌ፣ ወጥህን ጨው አብዝቼ፣ በሦስተኛው ቀን እሺ እልህ ነበር። ያ ጠብ የኔ ድርሻ ነበር። የመጨረሻ ጠባችንን ለምን ነፈግኸኝ?

ለጥቂት ቀን ከትርንጎ ጋር አልተነጋገርኩም። ወርቁ መጣና የወደቀውን በሲሚንቶ ልድገመው ወይ አለኝ፤ ቆይ አልኩት። ቸግሮኝ ነበር። ኖራውን እምቢ ብል በደከመ እጅህ ያማሰልከውን እዚያው ከጌሾ ሥር መቅበሬ ነው። እሺ ብል ደግሞ እስክሞት ድረስ ትርንጎ ውኃ እየጨመረች ባቆየችው ኖራ የተለሰነ ግድግዳ ሥር ልተኛ ነው። ሰናይት እማዬ ግድግዳ እኮ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ሱሪህ ትዝ ያለኝ። ልብሶችህን አርባህ ሲወጣ ለድሆች አከፋፍያለሁ፤ ያ ጉልበቱ የነጣውን ግን አስቀርቼዋለሁ። ስጡኝ ብሎ ለጠየቀ ድሃ የቆሸሸ ሱሪ አይሰጥም የሚል ነበር ምክንያቴ። ውስጤ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው፤ ማስረጃ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። የት እንደማቀርበው እንጃ፤ ምናልባት በሰማይ ቤት። ከሣጥን አውጥቼ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ደጋግሜ ያጠብኩት ሱሪ ነው፤ ነጩ ግን አልለቀቀም። ጉልበቱ ላይ በሁለቱም በኩል ነው ያለው። እስከዚያች ቀን ድረስ ለምን ጉልበቱ ላይ እንደሆነ አላሰብኩም ነበር። በርጩማው ሲደክምህ ተንበርክከህ ኖሯል የምታማስለው። አንተ ለመቆም ትንፋሽ አጥተህ በጉልበትህ ተንበርክከህ፣ ለኔ ጉልበት። ሱሪውን ፊቴ ላይ አድርጌ አንተ ከሞትክ ወዲህ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። በድንኳኑ የደረቀችው እንባ ያን ቀን ተመለሰች።

በማግስቱ ወርቁን ጠርቼ ሲሚንቶውን ከአሮጌው ግድግዳ ላይ ቀስ ብለህ ፋቀው፣ በኖራ ነው አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ኖራውን በካሪዮላ ጋሪ ከትርንጎ ጓሮ እያመላለሰ፣ ከአሸዋ ጋር እያሸ ለሰነው። ደርቆ እስኪነጣ ጊዜ ወሰደ። ግድግዳው ግን ላቡን ተወ። እጄን ሳሳርፍበት አሁን አይቀዘቅዘኝም።

መጨረሻ ላይ የሚቀባው ቀጭኑ ኖራ የቤተሰብ እጅ እንደሚፈልግ ታውቃለህ፤ አንተ መቼም ለሙያተኛ ሰጥተህ አታውቅም። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ባልዲና ቡሩሽ አዘጋጀሁ፣ ሱሪህንም ከቀሚሴ ሥር ለበስኩት። ትርንጎን አልጠራኋትም። መጣች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሳትጠራት ትመጣለች። ሱሪውን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ዓይኗን ጠራረገች፣ ቀጥላ ደግሞ ጎንበስ ብላ ጫፉን አይታ፣ እቺ ስፌት የኔ ናት፣ አሁንም አልተተረተረችም አለች። አየህ? ሱሪህ ውስጥ እንኳ ብቻዬን አታስገባኝም።

ቀለሙን ግን በዚህ ጊዜ እኔ በጠበጥኩ። ሰማያዊ ጨመርኩበት። እሷ ውኃ አቀበለችኝ፤ ትንሽ በዛ አለች፣ ዝም በይ አልኳት፣ ዝም አለች። ስንቀባ ችግር መጣ። እኔ መሰላል መውጣት አልችልም፣ እሷ ደግሞ ጎንበስ ብላ መዋል ወገቧ አይችልም። ስለዚህ ከወገብ በላይ ያለውን እሷ፣ ከወገብ በታች ያለውን እኔ ቀባን። አንዴ ከላይ ቀለም ጠብ ብሎ ጭንቅላቴ ላይ ሲያርፍ ሆን ብላ ነው ብዬ ቀና አልኩ፤ እያለቀሰች ነበር። ተውኳት። እሷም አንተን ቀብራለች፣ ሚስት የሚል ስም ሳይኖራት። ይህን ስጽፍ እንዳላዘንኩላት አትቁጠረው፣ አዝኛለሁ። ግን ማዘንና መቅናት አብረው የማይኖሩ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ አብረው በአንድ ግድግዳ ላይ ይውላሉ።

ሲደርቅ መሐሉ ላይ መስመር ወጣ። የሷ ቡሩሽ ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ የኔ ከታች ወደ ላይ፤ የተገናኙበት ቦታ ለሚያይ ሰው ያስታውቃል። ወርቁ አይቶ ላመሳስለው ወይ አለ። ሁለታችንም በአንድ አፍ አይሆንም አልነው። በዘመናችን ከእሷ ጋር የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ አንዴ ተለስኖ የሚረሳ ነበር፤ ሰናይትም ለዚያ ነው የመረጠችው። ኖራ ግን ነሐሴ በመጣ ቁጥር ይጠራኛል። በጉድጓዱ ውስጥ ገና ብዙ ተርፏል፤ ውኃውን አሁን በየተራ ነው የምንጨምረው፣ የኔ ተራ ሲሆን ቆርቆሮውን ገልጬ ትንሽ አወራሃለሁ። ጉልበቴ እስከቻለኝ ድረስ ያንን ሱሪ ለብሼ እቀባዋለሁ። ሳልችል ስቀር ሰናይትን አስቀምጬ ሱሪው ለምን ጉልበቱ ላይ እንደ ነጣ እነግራታለሁ፤ ሰማያዊውንም ማን እንደ በጠበጠው፣ አሁን እውነቱን። አንተን የማስታውሰው በዚህ ነው፤ በቃል ብቻ አይደለም።

ትናንት አልጋዬን አስገባሁ። ግድግዳውን አስጠግቼ ነው ያነጠፍኩት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በአዲሱ መስኮት ስትገባ ጋደም ብዬ እጄን ዘርግቼ ዳሰስኩት። የትርንጎ ድርሻ ከላይ ነው፣ ሩቅ ነው። ተኝቼ እጄ የሚደርሰው የኔው ላይ ነው።

ትርንጎ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አይታኝ፣ ለፊቆ ሰላም በዪልኝ ብላለች። አልጽፈውም ብዬ ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት። መልሱን ግን ለኔ ነው የምትልከው።

ባለቤትህ አስካለ